ከፀጋዬ ይልቅ ሮማን

እሷ፦ ንፋስ ስልክ ላፍቶ፣ ለቡ አካባቢ ያሉ አድማጫችን «በኦሮማይ ልብ ወለድ እውነቱን የነገረችኝ ሮማን ናት» ብለውናል። ትስማማለህ?

እሱ፦ በደንብ እንጂ! ታሪኩን የሚተርክልን ጋዜጠኛው ፀጋዬ ኃይለማርያም ነው። ደርግ በኤርትራ በሻዕቢያ አማጽያን ላይ ላካሄደው የቀይ ኮከብ ዘመቻ ቅስቀሳ አስመራ የተላከው እሱ ነው። ሌላውን ለማሳመን የሄደ ሰው ደግሞ መጀመሪያ ራሱን ያሳምናል።

እሷ፦ እጮኛው ሮማን አዲስ አበባ ቀረች። ድርሻዋ ትንሽ ነው። ግን ፀጋዬ አስመራ ባገኛት በፊያሜታ ጊላይ ፍቅር ሲነድ እኔ የምሳቀቀው ለሮማን ነው። ጦርነት ጥይት ባልተተኮሰበት ከተማም እጮኝነትን እንደሚያፈርስ በእሷ አየሁ፤ ፀጋዬ ግን ይህን ለማየት ጊዜ የለውም።

እሱ፦ ፊያሜታንም ቢሆን አላወቃትም። ውበቷን ሲያይ ከሻዕቢያ ጋር ያላት ንክኪ አመለጠው። ወሬ አነፍናፊው ጋዜጠኛ አጠገቡ ያለችውን ሴት አላነበባትም!

እሷ፦ ደራሲው በዓሉ ግርማ ይህን የፀጋዬን አለማየት አውቆ እንደሠራው አምናለሁ። የፀጋዬ ድምፅ ብቻ ቢሆን መጽሐፉ የዘመቻ ሪፖርት ሆኖ ይቀር ነበር። በ1975 ዓ.ም. ታትሞ ወዲያው ከገበያ የተለቀመው፣ ደራሲውም በ1976 ደብዛው የጠፋው፣ ሪፖርት ስላልነበረ ይመስለኛል።

እሱ፦ መጽሐፉ እጃችሁ ላይ ያለ፣ ሮማን ያለችባቸውን ገጾች ለይታችሁ አንብቡና ደውሉልን።