ሽማግሌው የተወልን ጥያቄ



ከዊንጌት አደባባይ ጥቂት ራቅ ብሎ፣ የታክሲ ረዳት «አስኮ! አስኮ!» እያለ በሚጣራበት መንገድ ዳር፣ አንድ ወጣትና አንዲት ወጣት ጀበና ቡና ሊጠጡ ተቀምጠው፣ ገና በሦስተኛው ቀጠሯቸው ላይ ሳሉ፣ ወንዱ ሲኒውን አስቀምጦ «ከእኔ በፊት ስንት ሰው ነበረሽ?» ብሎ ቢጠይቃት፣ ልጅቱ ከእግሯ ሥር የተጎዘጎዘውን ቄጠማ በጫማዋ ጫፍ ስትገፋ ቆይታ፣ ቡናዋን ሳትጨርስ ተነሥታ ሄደች። ይህን የነገረኝ ልጁ ራሱ ነው፤ ስሙን እንዳልጠራ አደራ ብሎ ታሪኩን ግን እንድናገር ፈቅዶልኛል። ለምክር ወደ እኔ በመጣ ጊዜ «ምን አጠፋሁ? ማወቅ መብቴ አይደለም ወይ?» አለኝ።

ማወቅ በእርግጥ ይገባዋል። አባቶቻችንም ሳያውቁ ልጅ አልዳሩም። ሽማግሎቹ ከልጅቱ አባት ደጅ ደርሰው፣ ተቀመጡ እስኪባሉ ቆመው፣ «ልጅዎን ለልጃችን» ብለው ጉዳያቸውን ካሰሙ በኋላ፣ አባት «ከዘመድ ልምከር» ብሎ ቀጠሮ ሲሰጥ፣ ያ ቀጠሮ የክብር ብቻ ሳይሆን የምርመራ ጊዜ ነበር፤ ዘር እስከ ሰባት ቤት ይቈጠራል፤ በቤቱ ደዌ እንዳለና እንደሌለ፣ ልጁ ቀድሞ አግብቶ ፈትቶ እንደ ሆነ፣ ጠባዩም ቍጡ ይሁን ትዕግሥተኛ፣ ከጎረቤትና ከባልንጀራ ይጠየቃል። ጥያቄው ከባድ ነበር፤ ነገር ግን ጠያቂው ሽማግሌ ስለ ሆነና መልሱም በሽማግሌ ሆድ ውስጥ ስለሚቀር፣ ሁለቱ ተጋቢዎች ፊት ለፊት አይተፋፈሩም ነበር። በዚያ ሥርዐት ፈቃዷን ሳትጠየቅ ስንቷ እንደ ተዳረች አውቃለሁና ይመለስ አልልም።

ይሁን እንጂ ሽማግሌው ሲርቅ ጥያቄው አብሮት አልራቀም። ሁለቱ ቡና ለተቀመጡበት ሰፈር ስሙን ያወረሰው የጄኔራል ዊንጌት ትምህርት ቤት በ1930ዎቹ መጨረሻ ሲከፈት ወንዶች ልጆች አዳሪ ሆነው የሚማሩበት ነበረ፤ ዛሬ በዚያው ሰፈር ወንዱም ሴቷም የሚወዱትን በገዛ ዓይናቸው መርጠው ሲቀጣጠሩ፣ አምስት ሽማግሌ በብዙ ሳምንት ያጣራው የነበረውን ነገር አንድ የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ በአንድ ሲኒ ቡና ሊጨርሰው ይቸኩላል።

ቤተ ክርስቲያናችንም ያለፈውን አትጠይቅም ማለት አይቻልም። ለደናግል ተክሊልን፣ ቀድሞ አግብተው ለነበሩት ለመዓስባን ደግሞ ሌላ ጸሎት ለይታ ስለ ሠራች፣ ከሁለቱ የትኛው እንደሚገባ ማወቅ ግድ ይሆንባታል፤ የምትጠይቀው ግን በንስሐ አባት አንደበት፣ በምሥጢር ማኅተም ሥር ነው። የ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግም እንዲሁ፣ በመሠረታዊ ስሕተት የተሰጠ ፈቃድ ጋብቻን እንደማያጸና ሲደነግግ፣ በስም ከዘረዘራቸው ስሕተቶች መካከል የማይድን ወይም ወደ ልጅ የሚተላለፍ በሽታን አለማወቅ ይገኝበታል፤ በቀደመ ጋብቻ የታሰረ ሰው ያ ሳይፈርስ ሌላ እንዳይመሠርት ይከለክላል፤ ጋብቻዋ የፈረሰባት ሴትም፣ ሕጉ ከሚፈቅዳቸው ምክንያቶች አንዱ ከሌለ በቀር፣ 180 ቀን ሳይሞላ ሌላ እንዳታገባ ያዛል። በዚህ ሁሉ መካከል «ስንት ሰው ወደድሽ» የሚል ቃል ፈልጌ አላገኘሁም።

እንግዲህ ገና በትውውቅ ላይ ያለ ሰው በድፍረት ሊጠይቀው የሚገባው፣ ዛሬን የሚነካውን ነው፦ የተፈራረምከው ጋብቻ አለ ወይ? ልጅ አለሽ ወይ? ያልተቋጨ ነገር፣ እስካሁን የሚጠብቅሽ ሰው አለ ወይ? ነገሩ ወደ መቀራረብ ሲያመራም «አብረን ሄደን እንመርመር» ማለት፣ ደምን ለሐኪም አሳይቶ የልብን ታሪክ ለባለቤቱ መተው ስለ ሆነ፣ ከመቶ ጥያቄ ይበልጣል። ቍጥር ግን ምን ይሠራል? ለወንዱ ሲሆን ጉብዝና፣ ለሴቷ ሲሆን ነውር ተብሎ የሚመዘን ቍጥር፣ ሚዛኑ ከመነሻው የተዛባ ነውና፣ እውነቱን የተናገረችውን ያስቀጣል፣ የዋሸችውን ያስመሰግናል። ስልክ ቀምቶ የቀድሞውን መልእክት ካላነበብሁ የሚል ሰው ደግሞ ገና ከአሁኑ አሳሪ ሊሆን እንደሚሻ በገዛ እጁ አስታውቋልና፣ እኅቶቼ፣ ይህን እንደ ፍቅር እንዳትቈጥሩት።

ጌታ በያዕቆብ ጕድጓድ አጠገብ ሳምራዊቷን ሴት ባገኛት ጊዜ አምስት ባሎች እንደ ነበሯት ያውቅ ነበር፤ ንግግሩን ግን በእነርሱ አልጀመረም። አስቀድሞ ውሃ ለመናት፤ የእርሷን እጅ የሚሻ ሆኖ ቀረባት። የባሎቿ ነገር የመጣው ብዙ ከተነጋገሩ በኋላ ነው፤ እርሷም ባፈረች ፈንታ እንስራዋን ትታ ለከተማው ልትናገር ሄደች። ይህን ምዕራፍ ባነበብሁ ቍጥር ቅደም ተከተሉ ይደንቀኛል።

ለዚያ ልጅም ይህንኑ ነግሬ፣ «አንተስ የጠየቅሃትን አንተው መልሰህላታል?» ብለው ዝም አለ። ከአንድ ወር በኋላ ተመልሶ መጣ። ይቅርታ ጠይቋት፣ አስቀድሞ የራሱን፣ ያሳዘናትን አንዲት ልጅ ሳይቀር ነግሯታል። እርሷ በዚያን ቀን አልመለሰችለትም፤ እርሱም አልደገመም። በሌላ ቀን ግን፣ ታክሲ ሲጠብቁ፣ ሊያገባት ሽማግሌ ልኮ የነበረ አንድ ሰው በመኪና አደጋ እንደ ሞተባትና፣ በየዓመቱ በፋሲካ ማግስት እናቱን ልትጠይቅ እንደምትሄድ ነገረችው። በዚያች በቡናው ቀን ቍጥሩን ነግራው ቢሆን ኖሮ መልሱ «አንድ» ብቻ ነበር። ዘንድሮ ወደ እናቲቱ ቤት ሲሄዱ ድፎውን የተሸከመው እርሱ ነው።