ሲተኙበት የሚብስ የወገብ ሕመም
(በዕድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)



 «እኛ» እያልን የምንናገረው ለክብር ብለን አይደለም። ዕድሜ ልካችንን መዝገብ ቤት ቁጭ ብለን «እናሳውቃለን፣ እናስታውቃለን» እያልን ደብዳቤ ስንጽፍ ስለ ኖርን «እኔ» ለማለት ብዕራችን እንቢ ይላል።

ወደ ጉዳዩ እንግባ። እንደምታውቁት የዕድሩን የቀሪ መዝገብ የምንይዘው እኛ ነን። ባለፈው ዓመት አንድ ብየዳ የሚሠራ ልጃችን፣ ድንኳን ለመትከል በማለዳ ጡሩንባ ሲነፋ ሦስት ጊዜ ቀረ። ሦስቱንም ጊዜ በቀይ ጻፍነው፤ መቀጮም ተወሰነበት። «ጎረምሳ ሆኖ ወገቤን ይላል!» ተብሎ ተሳቀበት፤ እውነቱን ለመናገር እኛም ስቀናል። በአራተኛው ለቅሶ ግን ከሰዓት በኋላ መጥቶ ከሁሉም በላይ ወንበር ሲሸከም አየነው። ጠዋት የማይችል፣ ከሰዓት የሚችል! ያን ጊዜ ደነገጥን፤ ምክንያቱም እኛም በወጣትነታችን ልክ እንደዚሁ ነበርን።

በ1975 ዓ.ም. ዕድሜያችን 25 ሳለ ከወገባችን በታች፣ መቀመጫችን ላይ፣ አንድ ጊዜ በቀኝ አንድ ጊዜ በግራ ይወጋን ጀመር። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ያባንነናል። ጠዋት እንደ ደረቀ ቆዳ ግትር ብለን፣ ጫማ ለማሰር እንኳ ጎንበስ ማለት አቅቶን ከአንድ ሰዓት በላይ እንቆያለን። ቢሮ ገብተን ፋይል ስናመላልስ ግን ይለቀናል። ያየን ሁሉ «ብርድ ነው፤ ዕረፍ፣ ተኛ» ይለናል። እኛም ተኛን። እሑድን ሙሉ ተኝተን ስንውል ሰኞ ጠዋት በሰው እጅ እንነሣለን። ታሽተናል፣ በሞቀ ጨው ተተኩሰናል፤ አንድ ሐኪም ቤትም «ሥራ ሰልችቶት ነው» ተብለናል።

በ1989 ዓ.ም. አንድ ዓይናችን ቀልቶ፣ አሞን፣ ብርሃን ማየት ቢያቅተን ዓይን ሐኪም ዘንድ ሄድን። ሐኪሙም «ወገብዎንስ ያምዎታል ወይ?» ብሎ ጠየቀን! ዓይንን ከወገብ ምን አገናኘው ብለን ተገረምን። ራጅ ብንነሣ አከርካሪ ከዳሌ አጥንት የሚገናኝበት መገጣጠሚያ ተጣብቆ ተገኘ። 14 ዓመት ሲያሠቃየን የኖረው በሽታ ስሙ «አንኪሎዚንግ ስፖንዲላይቲስ» ነው ተባልን። ስሙን አስተካክለን ለመጻፍ ብቻ ሁለት ቀን ፈጅቶብናል።

ይህ በሽታ ከሸክምም ከብርድም የሚመጣ አይደለም። ሰውነት በሽታን የሚከላከልበት ኃይል ተሳስቶ የራሱን መገጣጠሚያ ሲያጠቃ አንጓዎቹ ይቆጣሉ፤ ቁጣው ለዓመታት ሲቆይ በመካከላቸው አጥንት ይበቅልና እርስ በርስ ሊያያይዛቸው ይችላል። አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ከ45 ዓመት በፊት ነው። በዘር የመሄድ ጠባይም አለው። ኤችኤልኤ-ቢ27 ከሚባል የዘር ምልክት ጋር ዝምድና እንዳለው በ1973 እ.ኤ.አ. ታውቋል፤ ዳሩ ግን ምልክቱ ካለባቸው ሰዎች አብዛኞቹ አይታመሙም። ስለዚህ ልጅ ለመዳር ብሎ የአማት ወገብ መመርመር አያስፈልግም።

ዋናው ልብ ሊባል የሚገባው ነገር ይኸውላችሁ። ሸክም የጎዳው ወገብ ሲያርፉ ይሻለዋል፤ ይኸኛው ግን ሲያርፉ ይብሳል፣ ሲንቀሳቀሱ ይቀላል። ከ3 ወር በላይ የቆየና ጠዋት ከ30 ደቂቃ በላይ የሚያደርቅ ሲሆን ልጁን «ተኛ» አትበሉት፤ ሐኪም ዘንድ ላኩት። ትኩሳት፣ የሌሊት ላብና መክሳት ካለበት የአከርካሪ ቲቢ፣ ወይም ካልተፈላ ወተት የሚመጣው ብሩሴሎሲስ ሊሆን ስለሚችል ሳይውል ሳያድር ይመርመር። እግሩ ከሰነፈ ወይም ሽንቱን መቆጣጠር ካቃተው ደግሞ በዚያው ሰዓት ይሂድ።

እኛ እንዴት ኖርንበት? ከአልጋ ቀጥ ብለን አንነሣም፤ ጉልበታችንን ወደ ደረታችን ሰብስበን፣ በጎን ተገልብጠን ነው የምንነሣው። ሙቅ ውኃ እንታጠባለን። ከዚያ ተረከዛችንንና ጀርባችንን ግድግዳ አስደግፈን፣ የጭንቅላታችን የኋላ ክፍል ግድግዳውን እንዲነካ እንሞክራለን። ዛሬ ሦስት ጣት ያህል ይጎድለዋል፤ ቀድሞ ብንጀምር ኖሮ ምናልባት ባልጎደለ። ደረታችንን ነፍተን በረዥሙ እንተነፍሳለን፣ የጎድን አጥንትም ስለሚደርቅ። በየቀኑ ሩብ ሰዓት ያህል በደረታችን እንተኛለን፤ ትራሳችን ስስ ነው። ቢሮ ሳለን መዝገቡን ሳጥን ላይ ከፍ አድርገን እንጽፍ ነበር፤ አለቃችን «ቅዳሴ ልታነቡ ነው?» እያሉ ይቀልዱብን ነበር። ሲጋራ ትተናል፤ ይህን በሽታ ያባብሰዋልና።

ስለ መድኃኒት ጥቂት እንበል። ዲክሎፌናክ፣ አይቡፕሮፌን፣ ኢንዶሜታሲን የመሳሰሉት ቁጣውን ያበርዳሉ፤ ለብዙዎቻችን የመጀመሪያው መድኃኒት እነሱ ናቸው። ነገር ግን ጨጓራን ያቆስላሉ፣ ኩላሊትን ይጎዳሉ፣ ደም ግፊትን ይጨምራሉ፤ ስለዚህ ፋርማሲ ጎራ ብሎ «ለወገብ ስጡኝ» እያሉ መኖር አይገባም። በመርፌ የሚሰጡ አዳዲስ መድኃኒቶችም አሉ፤ የተኛ ቲቢ ሊቀሰቅሱ ስለሚችሉ አስቀድሞ ምርመራ ይደረጋል። ዋጋቸው ከእኛ ጡረታ ጋር አይተዋወቅም። ወጌሻዎቻችንንም አንነቅፍም፤ በውልቃት ላይ እጃቸውን እናውቃለን። ሆኖም የተያያዘ አከርካሪ እንደ ጠመኔ ነው፤ በኃይል ቢጫኑት፣ ቢወድቁበትም ይሰበራል።

ያን ልጅ ይዘነው ሄድን። ሐኪሙ ያለው በሽታ የእኛው ነው፤ ግን ገና አልተያያዘም። ወደ ቤት ስንመለስ መንገድ ላይ «አባባ፣ ሰነፍ አለመሆኔን እናቴ ትስማ» ብሎናል። እናቱ እዚህ መካከላችን ስላሉ ይኸው ሰምተዋል።

ስለዚህ ለጉባኤው ሁለት ነገር እናቀርባለን። አንደኛ፣ በቀይ የጻፍናቸው ሦስቱ ቀሪዎች ይሰረዙ፤ መቀጮው ከእኛ ኪስ ይከፈል፣ መዝገቡን የጻፍነው እኛ ነንና። ሁለተኛ፣ የሐኪም ወረቀት ያለው አባል ጠዋት ድንኳን ከመትከል ይልቅ ከሰዓት በኋላ ዕቃ እንዲሰበስብ ይመደብ።

ጥያቄ ያላችሁ ጠይቁን፤ ቆመን እንመልሳለን፣ ከተቀመጥን መነሣት ይቸግረናል።