የፋርምቪል ታዳጊዎች ያዩት ልዩነት

ዘርን መሠረት ያደረገ መበላለጥ በተነሣ ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ የሚወሳው ተበዳዩ ያጣው ነገር ሲሆን፣ በሌላው ወገን ያለው ሰው ሳይለፋበትና ሳይጠይቀው የሚደርሰው ጥቅም ግን ሳይነገር ይታለፋል። ይህ ሁለተኛው ገጽታ በማኅበራዊ ሳይንስ ጥናት «ልዩ ተጠቃሚነት» የሚባለው ነው፤ አንድ ሰው በግል ጥረቱ ሳይሆን በተወለደበት ወገን ምክንያት የሚያገኘውን፣ ከልማድ ብዛትም እንደ ተፈጥሮ ሕግ የሚቆጥረውን ቅድሚያ ያመለክታል። ተጠቃሚው ጥቅሙን ልብ አይለውም፤ የተነፈገው ግን ከልጅነቱ ጀምሮ አብጠርጥሮ ያውቀዋል። ከተነፈጉትም መካከል ነገሩን ይበልጥ አጥርተው የሚያዩት በአሥራዎቹ ዕድሜ ያሉ ታዳጊዎች ናቸው፤ እነርሱ ከሕፃናት በተሻለ ማነጻጸር ይችላሉ፣ ለእንጀራ ሲሉ ዝም ማለትን ደግሞ እንደ አዋቂዎች ገና አልለመዱም። በአሜሪካ ቨርጂኒያ ግዛት፣ ፕሪንስ ኤድዋርድ በተባለው ካውንቲ፣ ማለትም አውራጃ መሰል አስተዳደር፣ በፋርምቪል ከተማ የሆነው ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ነው። ቀናቱና ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1896 በሰጠው ውሳኔ ጥቁሮችና ነጮች በተለያየ ቦታ መገልገላቸው፣ አገልግሎቱ እኩል እስከሆነ ድረስ፣ ሕገ መንግሥቱን አይጥስም ብሎ ነበር። «ተለያይቶ እኩል መሆን» የተባለው ይህ መርህ በወረቀት ላይ ሚዛናዊ ቢመስልም፣ በተግባር ግን መለያየቱ በፖሊስና በፍርድ ቤት ሲጠበቅ እኩልነቱን የሚጠብቅለት አልነበረም።

በፋርምቪል የነበረው ለጥቁሮች የተመደበው የሞተን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በ1939 ሲሠራ የታሰበው ለ180 ተማሪዎች ያህል ሲሆን፣ በ1950 ግን ከ450 በላይ ታጭቀውበት ነበር። የካውንቲው ትምህርት ቦርድ አዲስ ሕንፃ በመሥራት ፈንታ ከእንጨት ተማግረው ሬንጅ በተነከረ ወረቀት የተሸፈኑ ጊዜያዊ ክፍሎችን በግቢው አቆመ፤ የአካባቢው ሰዎችም የዶሮ ቤት ይመስላሉ ይሏቸው ነበር። በክረምት ምድጃው አጠገብ የተቀመጠ ተማሪ በሙቀት ሲንገበገብ፣ ራቅ ብሎ የተቀመጠው ካፖርቱን ሳያወልቅ ይማር ነበር፤ ዝናብ ሲጥልም ጣሪያው ያፈስሳል። የታሪክ መምህሩ ጠዋት አውቶቡስ እየነዳ ተማሪዎችን ካመጣ በኋላ እንጨት ለቅሞ እሳትም ያቀጣጥል ነበር። ትምህርት ቤቱ የስፖርት አዳራሽ፣ የምግብ አዳራሽና የሳይንስ ቤተ ሙከራ ሳይኖረው፣ እዚያው ከተማ የሚገኘው የነጮቹ ትምህርት ቤት ግን የስፖርትና የምግብ አዳራሽ ብቻ ሳይሆን የሕክምና ክፍል ጭምር ነበረው።

ይህን ልዩነት ወደ ተግባር የለወጠችው ባርባራ ጆንስ የተባለች ተማሪ ናት። ባርባራ ኋላ እንደ ጻፈችው፣ አንድ ቀን አውቶቡስ አምልጧት መንገድ ዳር ስትጠብቅ የነጮቹ ተማሪዎች አውቶቡስ ገሚሱ ባዶ ሆኖ አልፏት ሄደ። በዚያ አውቶቡስ ውስጥ የነበሩት ልጆች ምናልባት ክፉ አልነበሩም፣ ሾፌሩም ቢሆን የተመደበለትን መሥመር ነው የሚነዳው፤ ነገር ግን ባዶው ወንበር ለእርሷ እንዳይሆን የወሰነው ሕግ ለእነርሱ ምቾት፣ ለእርሷ ደግሞ ቆሞ መጠበቅን አከፋፍሏል። ልዩ ተጠቃሚነት የክፉ ሰዎችን መኖር የማይጠይቅ ሥርዓት መሆኑን ለማስረዳት ከዚህ የበለጠ ምሳሌ ማግኘት ያዳግታል።

የጥቁር ወላጆች ማኅበር ለዓመታት ያቀረበውን አቤቱታ ቦርዱ ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎ ሲያሳድረው፣ የአሥራ ስድስት ዓመቷ ባርባራ ከጥቂት ጓደኞቿ ጋር በምስጢር መከረች። ሚያዝያ 23 ቀን 1951 ርዕሰ መምህሩ በሐሰተኛ የስልክ ጥሪ ከግቢ እንዲወጣ ከተደረገ በኋላ ተማሪዎቹ በሙሉ ወደ አዳራሽ ተጠሩ፤ መጋረጃው ሲገለጥ መድረኩ ላይ ቆማ የትምህርት ማቆም አድማ የጠራችው ባርባራ ነበረች። ርዕሰ መምህሩን ያራቁት ስለ ጠሉት አልነበረም። ሥራው በነጮች ቦርድ እጅ ስለሆነ አድማውን ያውቅ ነበር ተብሎ እንዳይባረር ለመከላከል ነው። አዋቂዎቹ ለምን ዝም እንዳሉ ልጆቹ ጠንቅቀው ማወቃቸው፣ አውቀውም ለመምህራቸው መጠንቀቃቸው፣ ከአድማው ራሱ ያልተናነሰ ብስለት ነው።

አድማው ሁለት ሳምንት ያህል ቆየ። ተማሪዎቹ መጀመሪያ የጠየቁት እኩል የሆነ ሕንፃ ብቻ ነበር፤ የጥቁሮች መብት ተሟጋች ማኅበር ጠበቆች ኦሊቨር ሂልና ስፖትስዉድ ሮቢንሰን ግን ጉዳዩን የሚይዙት መለያየቱ ራሱ እንዲቀር ከተጠየቀ ብቻ መሆኑን አስታወቁ፤ ተማሪዎቹና ወላጆቻቸውም ተስማሙ። ክሱ ከሌሎች አራት ክሶች ጋር ተጣምሮ፣ ግንቦት 17 ቀን 1954 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በትምህርት ቤት ተማሪዎችን በዘር መለያየት ሕገ ወጥ ነው ብሎ ለወሰነበት ታላቅ ፍርድ ምክንያት ሆነ። ከአምስቱ ክሶች በተማሪዎች አድማ የተጀመረው የፋርምቪሉ ብቻ ነው። ባርባራ ግን በዚያ ከተማ ትምህርቷን አልጨረሰችም፤ ቤተሰቧ ለደኅንነቷ ስለ ሰጋ ሞንትጎመሪ ከተማ ወዳለው አጎቷ ላካት።

ከዚያ በኋላ የሆነው በዝግታ ሊታይ ይገባዋል። ፍርድ ቤት ትምህርት ቤቶቹን አዋህዱ ብሎ ሲያስገድድ፣ የካውንቲው አስተዳደር በ1959 የመንግሥት ትምህርት ቤቶችን በሙሉ ዘጋ፤ እስከ 1964ም ሳይከፍት ቆየ። ለነጭ ልጆች ወዲያውኑ የግል ትምህርት ቤት ተቋቋመላቸው፤ ቀጥሎም ከሕዝብ ግብር የተገኘ ገንዘብ በክፍያ ድጎማ ስም ለቤተሰቦቻቸው ተሰጠ። ጥቁር ልጆች ግን አንዳንዶቹ ዘመድ ወዳለበት ሌላ ቦታ ሲላኩ፣ ብዙዎቹ ያለ ትምህርት ቀሩ፤ መክፈል ያቃታቸው አንዳንድ ድኻ ነጮችም ልጆቻቸው ቤት ዋሉባቸው። አስተዳደሩ ለሁሉም የሚሆነውን ዘግቶ የአንዱን ወገን ከመጠበቅ አለመመለሱ፣ ልዩ ተጠቃሚነት አደጋ ላይ ሲወድቅ ምን ያህል እንደሚጨክን ያሳያል። ግዛቱ ለእነዚያ ልጆች የትምህርት ዕድል ድጋፍ ያቋቋመው በ2004 ሲሆን፣ በዚያን ጊዜ ልጆቹ አያት የሚሆኑበት ዕድሜ ላይ ደርሰው ነበር።

ይህ ታሪክ የኢትዮጵያውያንን በር የሚያንኳኳው ቨርጂኒያ ዛሬ በአሜሪካ ብዙ ኢትዮጵያውያን ከሚኖሩባቸው ግዛቶች አንዷ በመሆኗ ነው። አንዳንድ ወላጅ «እኛ በኋላ የመጣን ነን፣ ይህ የእኛ ጉዳይ አይደለም» ሊል ይችላል፤ ይሁን እንጂ ለሰሜን አውሮፓውያን ያደላ የነበረውን የኮታ አሠራር ሽሮ ለአፍሪካውያንም መንገድ የከፈተው የ1965ቱ የፍልሰት ሕግ የጸደቀው የጥቁሮች የመብት ትግል በጋለበት ዘመን ነው። የኢትዮጵያውያን ልጆች በሚማሩበት፣ በዚያው በቨርጂኒያ በአሌክሳንድሪያ ከተማ ያለው ትልቁ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤትም እስከ 2021 ድረስ ይጠራ የነበረው በቶማስ ቻምብሊስ ዊልያምስ ስም ነበር፤ እኚህ የትምህርት ኃላፊ ውህደትን የተቃወሙ ሲሆኑ፣ በ1958 ስለ ልጆቿ መብት ክስ ውስጥ የገባች አንዲት የትምህርት ቤት ምግብ አብሳይን ከሥራ አሰናብተዋል። የኢትዮጵያውያን ልጆች ያን ስም በሰርተፍኬታቸው ላይ ይዘው ተመርቀዋል።

የሞተን ትምህርት ቤት ዛሬ ሙዚየም ነው፤ ከአሌክሳንድሪያም በመኪና የሦስት ሰዓት ያህል መንገድ ነው። በዚያ አካባቢ የምትኖሩ ወላጆች ልጆቻችሁን ይዛችሁ ሂዱ፤ በመንገድ ላይም በየትምህርት ቤታቸው ለማን ምን እንደሚደርስ ጠይቋቸው፣ ሳታቋርጡም ስሟቸው።