የዕጣ ገንዘብ በማን ዓይን ይጠበቃል?

(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር። የኢትዮጵያ አቆጣጠር ተብሎ ካልተገለጸ በቀር ዓመታቱ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)




ግድብ የሠራ መሐንዲስ እንደሚያውቀው፣ ውኃ የሚባክነው ወደ ግድቡ ሲገባ ወይም ከግድቡ ሲወጣ ብቻ አይደለም። ተኝቶ በሚቆይበትም ጊዜ በፀሐይ ይተናል፤ በመሬት ስንጥቅ ይሰርጋል፤ ደለልም ሥፍራውን ይቀማዋል። ስለዚህ ከመግቢያውና ከመልቀቂያው በር ባላነሰ መጠን የውኃው ከፍታ መለኪያ ትልቅ ዋጋ አለው። መለኪያው በር አይከፍትም፣ በር አይዘጋም፤ ነገር ግን መለኪያ በሌለበት ግድብ የዘበኛውን ቃል ከማመን በቀር ሌላ መንገድ የለም።

የሕዝብ ገንዘብ ጠባይም ከዚህ ብዙ አይለይም። መንግሥት በሎተሪ የሚያገኘው ገንዘብ ሲሰበሰብ በአደባባይ ነው፤ ለሥራ ሲውልም ሪባን ይቆረጣል፣ ንግግር ይደረጋል። በሁለቱ መካከል ግን ለወራት፣ አንዳንድ ጊዜም ለዓመታት፣ ድምፁን አጥፍቶ ይቀመጣል። የት ይቀመጣል? የሚያስቀምጠውስ ማን ነው? ወለዱ ለማን ይሆናል? ወደ ሌላ ጉዳይ እንዲዛወር የሚፈቅደው ማን ነው? የዚህ ንግግር ጭብጥ እነዚህ አራት ጥያቄዎች ሲሆኑ፣ መልሳቸው የሚፈለገው ጉዳዩን ለረጅም ዘመን በሞከረችው አገር፣ በብሪታንያ ነው።

የብሪታንያ ፓርላማ በ1753 ዛሬ የብሪታንያ ሙዚየም የሚባለውን ተቋም ለመመሥረት ሲወስን፣ የሚያስፈልገው ገንዘብ በሎተሪ እንዲገኝ በሕግ ደነገገ። እያንዳንዳቸው 3 ፓውንድ የሚያወጡ 100,000 ቲኬቶች ተዘጋጁ። ከሚሰበሰበው 300,000 ፓውንድ ውስጥ 200,000ው ለባለዕድሎች ይመለሳል። ከቀረው ላይ 20,000 ፓውንድ ለሐኪሙ ለሃንስ ስሎን ስብስብ፣ 10,000 ፓውንድ ለሃርሊ ቤተሰብ የብራና መጻሕፍት ግዢ እንዲውል ተወሰነ። ከዚህ ሌላ 30,000 ፓውንድ ሳይነካ በመንግሥት ሰነድ ላይ እንዲቀመጥና በወለዱ የሙዚየሙ ሠራተኞች ደመወዝ እንዲከፈል ታዘዘ። የዕጣ ገንዘብ እንዴት እንደሚቀመጥ ሕግ አውጪው ራሱ አስቀድሞ መወሰን እንደሚችል ይህ ጥሩ ምሳሌ ነው።

ነገር ግን ሕጉ ስለ ገንዘቡ አቀማመጥ የነበረው ጥንቃቄ በቲኬቱ ሽያጭ ላይ አልተከበረም። አንድ ሰው ከ20 ቲኬት በላይ እንዳይገዛ ተከልክሎ ሳለ፣ ከሽያጩ ኃላፊዎች አንዱ የነበረው ፒተር ሌሁፕ በሐሰት ስሞች እያስመዘገበ በሺህ የሚቆጠር ቲኬት ለአትራፊ ነጋዴ አሳልፎ ሰጠ። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለው አባባል ለሐበሻ ሹም ብቻ የተነገረ እንዳልሆነ ከዚህ መረዳት ይቻላል። ጉዳዩን የእንደራሴዎች ምክር ቤት በኮሚቴ አስመረመረ፤ ሰውየውም በፍርድ ቤት 1,000 ፓውንድ ተቀጣ። ቅጣቱ ካተረፈው ጋር ሲመዛዘን ቀላል ነበር። ለምን ቢባል፣ ምርመራው የመጣው ቲኬቱ ተሸጦ ካለቀ በኋላ ስለሆነ ነው። ዘግይቶ የደረሰ ቁጥጥር የጠፋውን ይቆጥራል እንጂ የሚጠፋውን አያድንም።

የመንግሥት ሎተሪ በ1826 ቀረ። እንደገና የተፈቀደው በ1993 በወጣው ሕግ ሲሆን፣ የመጀመሪያው ዕጣ ኅዳር ውስጥ በ1994 ወጣ። በዚህ ጊዜ ዕጣውን የሚያካሂደው ፈቃድ ያገኘ የግል ኩባንያ ሆነ። ከአንድ ፓውንድ ውስጥ ግማሹ ለባለዕድሎች፣ 12 ሳንቲም ያህል ለመንግሥት ቀረጥ፣ 28 ሳንቲም ያህል ለበጎ ጉዳይ እንዲውል ተደረገ፤ የቀረውን ባለሱቁና ኩባንያው ይካፈሉታል።

ለበጎ ጉዳይ የተመደበው ገንዘብ በቀጥታ ለሥራ አይከፈልም። በሚኒስትር ኃላፊነት ሥር ወደሚገኝ የማከፋፈያ ፈንድ ይገባል። አከፋፋይ ድርጅቶች፣ ማለትም ለኪነ ጥበብ፣ ለስፖርት፣ ለቅርስና ለመሳሰለው የተቋቋሙት፣ ድርሻቸውን የሚወስዱት ከዚያ ነው። እስኪወስዱት ድረስ ገንዘቡን ሥራ ላይ የሚያውሉት በ1786 የተቋቋሙት የብሔራዊ ዕዳ ኮሚሽነሮች ሲሆኑ፣ የሚመሩትም ከግምጃ ቤቱ በሚሰጥ መመሪያ ነው። ገንዘቡ የሚቀመጠው በመንግሥት ቦንድና በአጭር ጊዜ ሰነዶች ላይ ስለሆነ የመጥፋት አደጋው አነስተኛ ነው። ይሁን እንጂ ነገሩ ሲታሰብ፣ ለሕዝብ በጎ ሥራ የተሰበሰበ ገንዘብ ሥራው እስኪደርስ ድረስ ለመንግሥት ተመልሶ ብድር ይሆናል ማለት ነው። አበዳሪው ቲኬት የገዛው ድሃ፣ ተበዳሪው መንግሥት ነው። እንዲህ ያለ ተበዳሪ ዕዳው ቢዘገይለት አይከፋም፤ ስለዚህ ከውጭ የሚቆጣጠር ዓይን ያስፈልጋል።

ዓይኑም በሦስት ደረጃ የተዘረጋ ነው። በመጀመሪያ የፈንዱን ሒሳብ ዋናው ኦዲተር በየዓመቱ መርምሮ ለፓርላማው ያቀርባል። ዋናው ኦዲተር በ1983 በወጣው ሕግ መሠረት የእንደራሴዎች ምክር ቤት ሹም እንጂ የሚኒስትሮች ታዛዥ አይደለም። ሁለተኛ፣ በ1861 የተቋቋመውና በልማድ በተቃዋሚ ወገን አባል የሚመራው የሕዝብ ሒሳብ ኮሚቴ የሚኒስቴሩን ከፍተኛ ሹም በአደባባይ አስቀርቦ ይጠይቃል። ሦስተኛ፣ የፈንዱን አከፋፈል ለመለወጥ የሚወጣ ትእዛዝ ለፓርላማው መቅረብ አለበት።

የዚህ አሠራር ጥቅም በፈንዱ ክምችት ጉዳይ ታይቷል። በ1990ዎቹ መጨረሻ በፈንዱ ውስጥ የተኛው ገንዘብ ከ3 ቢሊዮን ፓውንድ በላይ ደርሶ ነበር። ሌብነት አልነበረም፤ ሒሳቡም አልተፋለሰም። የግንባታ ክፍያ የሥራው ደረጃ እየተለካ እንደሚፈጸም ለዚህ ጉባኤ ማስረዳት አያስፈልግም፤ ስለዚህ የተወሰነ ክምችት መኖሩ የሚጠበቅ ነው። ሆኖም ዋናው ኦዲተር በ2004፣ ኮሚቴውም በተከታዩ ዓመት ባቀረቡት ዘገባ፣ ከዚህ ምክንያት ባሻገር ያለውን መረመሩ። ጥያቄያቸውም፦ ወደፊት የሚገባው ገንዘብ እየታወቀ፣ አከፋፋዮች ጥሬው እጃቸው እስኪገባ ለምን ይጠብቃሉ? ክምችቱን ለመቀነስ የተያዘው ዕቅድስ ለምን ተጓተተ? የሚል ነበር።

ከዚህም ጋር የተያያዘ የአሠራር ጉድለት ነበር። ቀድሞ የፈንዱ ወለድ ለአከፋፋዮቹ የሚደርሰው በየስማቸው በተከማቸው ገንዘብ መጠን ነበር። ስለሆነም ገንዘቡን ቶሎ ለሥራ ያዋለው ጥቂት ወለድ ሲያገኝ፣ ያዘገየው ብዙ ያገኛል። ማንም ክፉ ሳያስብ፣ ደንቡ ራሱ ትጉውን እየቀጣ ዳተኛውን ይሸልም ነበር። በ2006 የወጣው የሎተሪ ሕግ ይህን ለወጠው፤ ወለዱ በክምችቱ ልክ መሆኑ ቀርቶ በሕግ በተወሰነው ድርሻ መሠረት እንዲከፋፈል ሆነ። ገንዘብ ይዞ መቆየት ጥቅሙ ቀረ። በመሐንዲስ አነጋገር፣ ውኃውን በምክር ከመግፋት ይልቅ የቦዩ ቁልቁለት ተስተካከለ ማለት ነው።

ይህ ሲባል ግን የሕግ አውጪው ቁጥጥር ከነቀፋ ነፃ ነው ማለት አይደለም። በ2007 የለንደን ኦሎምፒክ ወጪ ሲንር፣ መንግሥት ከሎተሪው ተጨማሪ 675 ሚሊዮን ፓውንድ እንዲወሰድ አሳሰበ። በ2008 ፓርላማው በትእዛዝ ሲያጸድቀው፣ ቀድሞ ከታሰበው ጋር ተደምሮ ከአጠቃላዩ ፈንድ ወደ ኦሎምፒኩ የሚዛወረው 1.085 ቢሊዮን ፓውንድ ሆነ። በየመንደሩ ያሉ ትናንሽ የኪነ ጥበብና የስፖርት ማኅበራት ለእነርሱ የታሰበው ውኃ በሌላ ቦይ እንደሄደ ተናገሩ። ጠባቂው ራሱ በሩን ሲከፍት መለኪያው ምን ይጠቅማል?

መልሱ እንዲህ ሊሆን ይችላል። ምክር ቤት ሊሳሳት ይችላል፤ ዋናው ኦዲተርም የፖሊሲውን ዓላማ መንቀፍ በሕግ አልተፈቀደለትም። ነገር ግን ገንዘቡ የተዛወረው በስውር አልነበረም፤ መጠኑ በቁጥር ተወስኖ፣ ክርክር ተደርጎበት፣ ድምፅ ተሰጥቶበት ነው። የተጎዳው ወገን ማን እንደወሰነ፣ ስንት እንደተወሰደ ያውቃል፤ በምርጫ ቀንም እንደራሴውን ሊጠይቅ ይችላል። በጓዳ ከተሠራ ቅንነት በአደባባይ የተሠራ ስሕተት ለመታረም የቀረበ ነው።

በኢትዮጵያም በ1987 ዓ.ም. በኢትዮጵያ አቆጣጠር የጸናው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 101 ዋናው ኦዲተር በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት እንዲሾምና የፌዴራል መሥሪያ ቤቶችን ሒሳብ መርምሮ ዘገባውን ለምክር ቤቱ እንዲያቀርብ ይደነግጋል። ስለዚህ መለኪያው የሚተከልበት ሥፍራ በሕግ ተዘጋጅቷል ማለት ነው። መለኪያውን ማንበብ ግን የእንደራሴዎች ሥራ ብቻ ሆኖ መቅረት የለበትም። በሕዝብ ገንዘብ ድልድይና ትምህርት ቤት የሚሠራ ባለሙያ፣ ገንዘቡ ወደ ሥራው ከመድረሱ በፊት የት እንደቆየና ለስንት ጊዜ እንደቆየ መጠየቅ ሙያው የሚጥልበት ግዴታ ነው።

በአውራ ጎዳና ዳር ከአዟሪው እጅ ሎተሪ የሚገዛ ሰው ዕድሉን ይሞክራል። ዕጣው ባይወጣለት አያማርርም፤ አስቀድሞ ያውቀዋልና። በዕጣ የሰጠው ገንዘብ አቀማመጥ ግን ሌላ ዕጣ ሊሆን አይገባም። እርሱ አደራ ነው፤ አደራም በዕድል አይጠበቅም።