ድካምና ሙያ አንድ አይደሉም
(በደልጊ በማኅበራችን ወርኃዊ ስብሰባ ላይ ስለ ብሌንደር አጠቃቀም የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምንነጋገረው ብዙዎቻችን «ጁስ መፍጫ» ስለምንለው ዕቃ፣ ስለ ብሌንደር ነው። በእርግጥ ሲፈጠርም ለመጠጥ ነበር። በ1922 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ስቴፈን ፖፕላውስኪ የተባለ ሰው የወተት መጠጥ መበጥበጫ አድርጎ ሠራው። በእኛም ቤት እንግዳ ሲመጣ ማንጎና አቮካዶ ይፈጭበትና በዳንቴል ተሸፍኖ ቡፌ ላይ ይቀመጣል። እኛ የምንለው ግን ቦታው ማጀት፣ ከሙቀጫው አጠገብ ነው።

አንዳንድ እናቶቻችን «ማሽን ሙያ ያጠፋል» ይላሉ። ይህን ቃል አናቃልለውም፤ ሱፍ ወቅጠው፣ ድልህ በድንጋይ ፈጭተው ያሳደጉን እነሱ ናቸው። ነገር ግን ድካምና ሙያ አንድ አይደሉም። ዝንጅብሉን መመጠን፣ ቅመሙን በጊዜው መጨመር፣ ቁሌቱ መብሰሉን በሽታው ማወቅ ሙያ ነው። ዘነዘና ማንሣትና መጣል ግን ጉልበት ነው። ማሽኑ የሚወስድልን ጉልበቱን ነው፤ ሙያው እኛው ዘንድ ይቀራል።

በመጀመሪያ የሱፍን ነገር እንይ። በጾም የሱፍ ፍትፍት የማይሠራበት ቤት ጥቂት ነው፤ ክንድ የሚያዝለውም መውቀጡ ነው። ሱፉ ተለቅሞና ታጥቦ እንደየቤታችን ልማድ ይቀቀላል ወይም ይታመሳል። ከበረደ በኋላ አንድ ኩባያ ሱፍ ከሁለት ኩባያ ውሃ ጋር ይፈጭና በንጹሕ ሻሽ ይጠለላል። ገለባው አይጣል፤ ጥቂት ውሃ ተጨምሮበት ዳግመኛ ቢፈጭ ገና ወተት አለው። ከዚያ ዝንጅብሉ፣ ነጭ ሽንኩርቱ፣ ቃሪያውና ጨው ይከተላሉ።

ውሃ የምንጨምረው በምክንያት ነው። ስለቱ ሲሽከረከር ምግቡን ወደ ጎን ይገፋዋል፤ ፈሳሹ ደግሞ ዞሮ ከመሐል ወደ ታች ይመልሰዋል። ፈሳሽ ካነሰ ስለቱ አየር ላይ ይሽከረከራል፣ ሞተሩም ይግላል። ስለዚህ መጀመሪያ ፈሳሹ፣ ቀጥሎ ለስላሳው፣ በመጨረሻ ጠንካራው ይግባ። ማሰሮው አፉ ድረስ አይሞላ። አንድ ደቂቃ ያህል ካሠራነው በኋላም እናሳርፈው።

ሁለተኛው ሽንኩርት ነው፤ ክርክሩም የሚበዛው እዚህ ላይ ነው። የወጥ ሽንኩርት ከላመ ውሃ ያወጣል፣ ቁሌቱም እስኪደርቅ ብዙ ጊዜ ይፈጃል። ስለዚህ ያለ ውሃ፣ በትንሽ በትንሹ፣ ቁልፉን ነካ ለቀቅ እያደረግን ደቀቅ ሲል እናቁም። ለዶሮ ወጥ በእጄ ልክተፍ የምትል እኅት ትክተፍ፤ መብቷ ነው። ቲማቲም ግን ለማሽኑ የተመቸ ነው። ለቀረሶ ጉላሽ የሚሆነው ቲማቲም በግማሽ ደቂቃ ይደቅቃል።

ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል ጥቂት ሲሆኑ ከስለቱ በታች ስለሚቀሩ አይፈጩም። ስለዚህ ሁለት ሦስት ጎረቤት ለዕለቱ የሚበቃቸውን አዋጥተው በአንድ ጊዜ ቢፈጩ ይሻላል። ቆጭቆጫም እንዲሁ ነው።

ማሽኑ የማይችለውንም እንወቅ። በርበሬና ሽሮ የወፍጮ ቤት ሥራ ናቸው። የተቆላ ተልባና ቡና የሚፈጩት ለደረቅ ነገር በተሠራው ትንሹ መፍጫ ነው፤ እሱ ከሌለ ሙቀጫው ሥራውን ይቀጥል። የሚፈላ ሾርባ ክዳኑ በተገጠመ ማሰሮ አይፈጭም፤ እንፋሎቱ ክዳኑን አስፈንጥሮ ፊት ያቃጥላል። መጀመሪያ ይብረድ። እጅም ሆነ ማንኪያ የምንከተው ሶኬቱን ነቅለን ብቻ ነው። መብራት ሲጠፋም ሶኬቱን እንንቀል፤ ሲመለስ ማሽኑ ድንገት እንዳይነሣ።

ሕፃናት ላሏችሁ ደግሞ ይህን እንንገራችሁ። ልጅ ስድስት ወር ሲሞላው ከጡት ወተት ጋር የላመ ምግብ ይጀምራል፤ ድንች፣ ካሮት፣ ምስርና አጥንቱ በደንብ የተለቀመ ዓሣ አብረው ተፈጭተው መልካም ምግብ ይወጣቸዋል። ነገር ግን እንደ ውሃ አይቅጠን፤ ቀጭን ምግብ ሆድ ይሞላል እንጂ አያጠግብም። ልጁ እያደገ ሲሄድም ምግቡ እየሸካከረ ይሂድ፤ ዓመት ሲሞላው ቤተሰቡ የሚበላውን ይለምዳል። ከመፍጨታችን በፊት ስለቱና ከሥሩ ያለችው የጎማ ቀለበት ተፈትተው ይታጠቡ፤ ፍርፋሪ ተደብቆ የሚበላሸው እዚያ ነው። ሞተሩ ግን ውሃ አይንካው።

«መብራት ይበላል» የሚለውንም ስጋት በቁጥር እንየው። 400 ዋት የሆነ ብሌንደር በቀን በድምሩ 15 ደቂቃ ቢሠራ የሚወስደው 0.1 ኪሎዋት ሰዓት ነው። 3.5 ኪሎዋት የሆነ የኤሌክትሪክ ምጣድ ለአንድ ሰዓት ሲጋገርበት 3.5 ኪሎዋት ሰዓት ይወስዳል። ምጣዱ በአንድ ሰዓት የሚፈጀው ብሌንደሩን ከወር በላይ ያሠራዋል።

በውጭ አገር ላላችሁ ደጋፊዎቻችን አንድ አደራ አለን። የአሜሪካ ዕቃ በ120 ቮልት የሚሠራ ነው፤ የእኛ መብራት 220 ቮልት ነው። በደግ ልብ የተላከ ብሌንደር እዚህ ሲሰካ ወዲያው ሊቃጠል ይችላል። ስለዚህ ከሥሩ የተጻፈውን ቁጥር አይታችሁ ላኩልን። ከዚህ ደግሞ የሚሻለው ከባሕር ዳር መገዛቱ ነው፤ ስለቱም ጎማውም ሲያልቅ መለወጫ ለመፈለግ ቅርብ ነው።

በመጨረሻ የምንጠይቀው ይህን ነው፦ የተረፈው ጊዜ የማን ነው? ከሙቀጫ ያተረፍነው ሰዓት ለሌላ ድካም ከዋለ ምንም አላተረፍንም። ሴት ልጃችን ደብተሯን ትግለጥበት፤ እኛም ወገባችንን እናሳርፍበት፣ የቁጠባ ስብሰባችን ላይ ሳንቸኩል እንቀመጥበት። ወንዶች ልጆቻችንም «ሙቀጫ የሴት ነው» ሲሉ አድገው ይሆናል፤ ቁልፍ መጫን ግን የሴት ነው ያለ እስካሁን አልሰማንም። ሽንኩርቱን ይላጡ፣ ማሽኑንም ያሠሩ፣ አጥበውም ይመልሱ።

ብሌንደር መግዛት የማትችል እኅት እንዳትቀር፣ እንደ ዕድር ድስት የማኅበር ብሌንደር ኖሮን በየተራ እንድንጠቀምበት ሐሳብ እናቀርባለን። ተወያዩበት።