ከኮምፒዩተሩ በፊት አስተማሪው

(በሆለታ ለተሰበሰቡ የምእመናን ተወካዮችና የፕሮጀክት ሠራተኞች የተደረገ ንግግር)



ከቡራዩ፣ ከሰበታና ከሱሉልታ መጥታችሁ ከሆለታ ወገኖቻችሁ ጋር በአንድነት ስለ ተገኛችሁ ከልብ እናመሰግናለን። የመንገዱን ድካምና የታክሲውን ወረፋ እናውቀዋለን።

ወደ ጽሕፈት ቤታችን ከሚደርሱት ጥያቄዎች አንዱ፦ “ለወጣቶቻችን ኮምፒዩተር ላኩልን” የሚል ነው። ጥያቄው ከመልካም አሳብ የመጣ ስለ ሆነ በደስታ እንቀበለዋለን። መልሳችን ግን “እሺ” ወይም “አይሆንም” ብቻ ሊሆን አይችልም። ስለ መረጃ ቴክኖሎጂ ሥራ፣ በአገራችን እንዴት እንዳደገና በእናንተ መንደር እንዴት ሊተከል እንደሚችል አብረን እንድናስብ እንወዳለን።

በመጀመሪያ ነገሩ ለምን እንደሚያስቸኩል እንመልከት። እነዚህ አራት ከተሞች የእርሻ አገር ነበሩ። ዛሬ በእርሻው ቦታ የአበባ ልማት፣ ፋብሪካ፣ መጋዘንና መኖሪያ ቤት ቆሟል። ቡራዩ፣ ሰበታና ሱሉልታ በ2015 ዓ.ም. ከሌሎች ጋር ተጠቃልለው ሸገር ከተማ ተብለዋል። አባት ያረሰውን መሬት ልጅ የማያርስበት ቤተ ሰብ በእያንዳንዳችሁ ማኅበር ውስጥ አለ። ልጁ ተስፋውን የጣለው በትምህርት ላይ ነው። ነገር ግን በ2014 ዓ.ም. የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ነጥብ ያገኙት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2017 ዓ.ም. ቁጥሩ ወደ 8.4 በመቶ ከፍ ብሏል። ይህም ቢሆን ከመቶው ከዘጠና የሚበልጡት ግማሽ ነጥብ አላገኙም ማለት ነው። እንግዲህ መሬቱም ዩኒቨርሲቲውም ያልተቀበሉት ወጣት ወዴት ይሂድ? ጥያቄያችን ይህ ነው።

የመረጃ ቴክኖሎጂ ለዚህ አካባቢ እንግዳ አይደለም። ሱሉልታ የምትኖሩ ታውቃላችሁ፤ አገራችን በሳተላይት አማካይነት ከውጭው ዓለም ጋር የተነጋገረችበት የምድር ጣቢያ በ1970ዎቹ መጀመሪያ የተተከለው በዚያ ነው። የኢትዮጵያ ድምፅ ከሱሉልታ ሜዳ ወደ ሰማይ ወጥቶ ባሕር ማዶ ይደርስ ነበር። በዚያ ዘመን ግን ስልክ በቤቱ ያለው ሰው ጥቂት ነበር። መሣሪያው በአጠገባችን መቆሙ ብቻ ሙያውን በእጃችን አላደረገልንም። ከዚህ የምናገኘው ትምህርት ለዛሬም ይጠቅመናል።

አሁን ዘመኑ ተለውጧል። በ2017 ዓ.ም. የኢትዮ ቴሌኮም ደንበኞች ከ80 ሚሊዮን በላይ ደርሰዋል። በግንቦት 2013 ዓ.ም. የተጀመረው ቴሌብር ከ50 ሚሊዮን የሚበልጡ ተጠቃሚዎች አሉት። በ2015 ዓ.ም. ሳፋሪኮም ሁለተኛው የቴሌኮም ድርጅት ሆኖ አገልግሎት ጀመረ። በአዲስ አበባ እንደ አይኮግ ላብስና ገበያ ያሉ ድርጅቶች ተቋቁመው ኢትዮጵያውያን ባለሙያዎች ለውጭ ደንበኛ ጭምር እንዲሠሩ መንገድ ከፈቱ። በቡራዩም በ2014 ዓ.ም. በቴክኖሎጂ ልዩ ተሰጥኦ ላላቸው ወጣቶች የተሰጥኦ ማበልጸጊያ ኢንስቲትዩት ተመርቋል። ሥራው በደጃችን ደርሷል ማለት ነው።

ታዲያ አንድ አገር በዚህ ሥራ የሚያድገው በምንድር ነው? ስሟ ብዙ ጊዜ የሚነሣውን ኢስቶኒያን እንመልከት። ኢስቶኒያ ከሶቪየት ኅብረት ተለይታ ነጻነቷን ያስመለሰችው እ.ኤ.አ. በ1991 ሲሆን፣ ሕዝቧ 1.3 ሚሊዮን ያህል ነው፤ አዲስ አበባ ብቻዋን በእጥፍ ትበልጣታለች። እ.ኤ.አ. በ1996 ፕሬዚዳንት ሌናርት ሜሪ “የነብር ዝላይ” የተባለውን ዕቅድ አስታወቁ። ትምህርት ቤቶች ሁሉ ኮምፒዩተርና ኢንተርኔት እንዲያገኙ ታሰበ። ብዙ ሰው የሚያስታውሰው ኮምፒዩተሮቹን ነው። ነገር ግን በዚያው ዕቅድ በሺህ የሚቆጠሩ መምህራን ኮርስ ወስደዋል። ከዚያም በፊት፣ ገና በሶቪየት ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1960 በታሊን የተቋቋመው የሳይበርኔቲክስ ኢንስቲትዩት ብዙ ባለሙያዎች አፍርቶ ነበር። ስካይፕ የተባለው የስልክ ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ2003 ሲወጣ የጻፉት የኢስቶኒያ ልጆች ነበሩ። ድርጅቱ በ2005 ለኢቤይ በተሸጠ ጊዜ በዚያ ሠርተው ልምድና ገንዘብ ያገኙት ሰዎች ሌሎች ድርጅቶችን አቋቋሙ። ስካይፕ ራሱ እ.ኤ.አ. በግንቦት 2025 ተዘግቷል፤ ባለሙያዎቹና እነርሱ ያቋቋሟቸው ድርጅቶች ግን ቀርተዋል። ማሽን ያረጃል፣ ፕሮግራምም ይዘጋል፤ በሰው ውስጥ የገባ ሙያ ግን ሌላ ሙያ ይወልዳል።

እኛ ኢስቶኒያ አይደለንም፤ የራሳችን ችግር አለን። ሦስቱን ብቻ እንጥቀስ።

አንደኛው የገንዘብ ነገር ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር አለፈ። ኮምፒዩተር የሚገዛ ሰው ተጎዳ። ይሁን እንጂ ለውጭ ደንበኛ ሠርቶ በዶላር የሚከፈለው ሰው ያው ሥራው በብር እጥፍ ሊያስገኝለት ቻለ። ስለዚህ ሙያ የሌለው ማኅበር በዚህ ለውጥ ገዢ ብቻ ሆኖ ይከፍላል፤ ሙያ ያለው ግን ሻጭም ይሆናል።

ሁለተኛው የመስመር መቋረጥ ነው። ከሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. ጀምሮ ኢንተርኔት ለሦስት ሳምንት ያህል ሲዘጋ በኢንተርኔት የሚሠራ ሰው ሁሉ እጁን አጣጥፎ ተቀመጠ። ባሕር ማዶ ያለ ደንበኛ ሦስት ሳምንት አይጠብቅም። ከዚህ የተነሣ ወጣቶቻችን ለውጭ ደንበኛ ብቻ እንዲሠለጥኑ አንመክርም። በአጠገባቸው ያለውን ገበሬ፣ ነጋዴና ክሊኒክ የሚያገለግል ሙያ መቅደም አለበት።

ሦስተኛው ቋንቋ ነው። ቀድሞ እያንዳንዱ የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም የራሱ አሠራር ስለ ነበረው፣ በአንዱ ኮምፒዩተር የተጻፈው በሌላው ሲከፈት ትርጉም የለሽ ምልክት ይሆን ነበር። ፊደላችን እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ በተባለው የዓለም አቀፍ የፊደላት ሰንጠረዥ ውስጥ ከገባ ወዲህ ያ ችግር እየተቃለለ መጥቷል። ሥራው ግን አላለቀም። በ2006 ዓ.ም. የተጀመረው 8028 የገበሬዎች የስልክ መስመር ብዙ ሊያስተምረን ይችላል። ገበሬው ውድ ስልክ ወይም ኢንተርኔት ሳያስፈልገው ይደውልና ስለ ሰብሉ ምክር በአማርኛ፣ በኦሮምኛ ወይም በትግርኛ ይሰማል። ይህን ዓይነት ሥራ ከባሕር ማዶ መጥቶ የሚሠራልን የለም። የሆለታን ገበሬ አነጋገር የሚያውቅ የሆለታ ልጅ ነው።

በሰበታ መርሐ ዕውራን የሚባል የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት እንዳለ ታውቃላችሁ። ዛሬ በስክሪን ላይ የተጻፈውን በድምፅ የሚያነቡ ፕሮግራሞች አሉ። ከእነዚህ አንዱ ኤንቪዲኤ ነው። ሁለት ዓይነ ስውራን አውስትራሊያውያን እ.ኤ.አ. በ2006 የጀመሩት ሲሆን፣ ለማንም በነፃ ይሰጣል። ሌላ ሰው እስኪሠራላቸው አልጠበቁም፤ ችግሩን የሚያውቁት እነርሱ ስለ ነበሩ መፍትሔውን ራሳቸው ጻፉ። አማርኛም በዚህ ፕሮግራም ሊነበብ ይችላል፤ ድምፁ ግን ገና የማሽን ድምፅ ነው። ይህን ድምፅ ለጆሮ የሚጥም ማድረግ ለወጣቶቻችን የሚሆን ሥራ ነው፤ ባለጉዳዩም ሩቅ አይደለም።

እንግዲህ ምን እናድርግ? ለማኅበራችሁ አራት ነገሮችን እንመክራለን።

አንደኛ፣ ከኮምፒዩተሩ በፊት አስተማሪ ፈልጉ። ከየማኅበራችሁ በኮምፒዩተር ትምህርት የተመረቁ፣ በአዲስ አበባ የሚሠሩና ማታ የሚመለሱ ልጆች አይጠፉም። በሳምንት ሁለት ጊዜ እንዲያስተምሩ ጠይቋቸው፤ የትራንስፖርትና የድካም ዋጋቸውንም ክፈሏቸው። ያለ ክፍያ የተጀመረ ትምህርት ብዙ ጊዜ ሦስተኛው ወር ላይ ይቆማል።

ሁለተኛ፣ ክፍል ስጡ። አዳራሾቻችን ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ባዶ የሚሆኑበት ሰዓት ብዙ ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. “አምስት ሚሊዮን ኮደሮች” የተባለው ዕቅድ ሲጀመር ትምህርቱ በኢንተርኔት በነፃ ቀረበ። ነፃ ቢሆንም ቤቱ መብራት የሚጠፋበት፣ የኢንተርኔት ጥቅል መግዛት የማይችልና እንግሊዝኛው የሚከብደው ልጅ ብቻውን ሊዘልቀው ይቸገራል። አሥር ሆነው በአንድ ክፍል ቢቀመጡ ጥቅሉን ይጋራሉ፤ ያልገባውንም የገባው ያስረዳዋል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው። ሰዓቱ ሲወሰን ደግሞ ሴቶች ልጆቻችን ይታሰቡ። ሲመሽ የሚያልቅ ትምህርት እነርሱን በር ላይ እንደ መመለስ ይቆጠራል።

ሦስተኛ፣ የሚሰጣችሁን ማሽን መርምሩ። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2025 ስላቆመ፣ ወደ አዲሱ የማይሸጋገሩ ብዙ ኮምፒዩተሮች በውጭ አገር ከአገልግሎት እየወጡ ነው። ከእነዚህ ሊነክስ የተባለውን ነፃ ፕሮግራም ተጭኖባቸው ለዓመታት የሚያገለግሉ አሉ። ባትሪው የሞተና መለዋወጫ የማይገኝለት ግን ስጦታ ሳይሆን ቆሻሻ ነው፤ በትሕትና “አንቀበልም” ማለት ነውር የለበትም። መብራት በሚጠፋበት ቦታ ላፕቶፕ ከዴስክቶፕ ይሻላል። ደግሞም መጠገን ራሱ ሙያ ስለ ሆነ፣ ከተማሪዎቹ ሁለቱ ጥገናን ይማሩ።

አራተኛ፣ ሥራውን ከትምህርቱ ጋር አገናኙ። በከተማችሁ የወተት ማኅበር፣ ወፍጮ ቤት፣ መድኃኒት ቤት፣ የግል ትምህርት ቤት አለ። ሒሳባቸውን አሁንም በደብተር የሚይዙ ብዙ ናቸው። ተማሪው በስድስተኛው ወር ለአንዱ እውነተኛ ሥራ ሠርቶ፣ ትንሽም ቢሆን ዋጋ ይቀበል። የመጀመሪያው ደንበኛ ጎረቤት ሲሆን ስሕተቱንም በፊት ለፊት ይነግረዋል፤ ይህ ከምስክር ወረቀት ይበልጥ ያስተምራል።

ለእናንተም ለፕሮጀክት ሠራተኞች አንድ ቃል አለን። በሪፖርታችሁ ስንት ኮምፒዩተር እንደ ተከፋፈለ ብቻ አትጻፉልን። ሥልጠናው ካለቀ ከአንድ ዓመት በኋላ ማን በዚህ ሙያ እንጀራውን እንደሚበላ፣ ማን ትምህርቱን እንዳቋረጠና ለምን እንዳቋረጠ ጻፉልን። ደጋፊዎቻችን ይህን ለማወቅ መብት አላቸው።

ውድ ወገኖች፤ ወጣቱ መሬቱን ለሌላ ለቆ በተወለደበት ከተማ ቀን ሠራተኛ ብቻ ሆኖ እንዳይቀር የምንችለውን ማድረግ አለብን። ሁሉም ፕሮግራም ጸሓፊ አይሆንም፤ መሆንም አይገባውም። ከየማኅበሩ አምስት ልጆች በሚገባ ቢሠለጥኑ ግን በሚቀጥለው ዓመት አስተማሪ ፍለጋ አዲስ አበባ መሄድ አያስፈልግም። ወደየቤታችሁ ስትመለሱ መጀመሪያ የአስተማሪውን ስም ጻፉልን። ስለ ኮምፒዩተሩ ከዚያ በኋላ እንነጋገራለን።