ለትንሽቱ ኮምፒዩተር ሁለተኛ ስክሪን ስለ መጨመር

ራስበሪ ፓይ የተባለችው ባለ አንድ ሰሌዳ ኮምፒዩተር እ.ኤ.አ. በ2012 ዓ.ም. በወጣች ጊዜ የኤችዲኤምአይ መውጫዋ አንድ ብቻ ነበረ። ስለዚህ መምህሩ ምስሉን በፕሮጀክተር ለክፍሉ ሲያሳይ ማስታወሻውን የሚያይበት ሌላ ስክሪን አያገኝም ነበር።

በ2014 ዓ.ም. ባለ 40 እግሩ ሞዴል ሲወጣ መላ ተገኘለት። ከእግሮቹ 18ቱ ለቀይ፣ ለአረንጓዴና ለሰማያዊ ቀለም ስድስት ስድስት ሆነው ይደለደላሉ፤ ሌሎች ሁለት የምስሉን ጊዜ ይጠብቃሉ፤ በመካከል የሚገቡት ሬዚስተሮች ቁጥሩን ወደ ቮልቴጅ እየለወጡ ለቪጂኤ ስክሪን ያቀብላሉ። አሮጌ ቪጂኤ ስክሪን ደግሞ በትምህርት ቤት ዕቃ ቤት አይጠፋም።

ነገር ግን ከ28ቱ የሥራ እግሮች 20ው ስለሚያዙ፣ ተማሪው ሙቀት መለኪያውንና አምፖሉን የሚያገናኝባቸው ጥቂቶች ብቻ ይቀራሉ። መምህሩ ሁለት ስክሪን ይዞ ተማሪው እጁን አጣጥፎ ቢቀመጥ ምን ይረባል?

በ2019 ዓ.ም. የወጣችው ራስበሪ ፓይ 4 ሁለት መውጫ ስላላት ከዚህ ምርጫ ትገላግላለች፤ የቀድሞዋን የያዘ ክፍል ግን እግሮቹን ለተማሪው ቢተውለት ይሻላል።